«ናፍጣውን ከየት ቀዳህ?»

መኪና አልነሳም ብሎ መንገድ ላይ አስቀርቷችሁ ያውቃል? የሚያውቅ ከሆነ መጀመሪያ ያደረጋችሁትን አስታውሱ። አብዛኞቻችን ቁልፉን ደጋግመን እናዞራለን። እምቢ ሲለን ወርደን እንገፋለን። ከዚያ መንገደኛው ይሰበሰብና ሁሉም የየራሱን ይናገራል። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፣ ሌላው «ፖምፓው አልቋል» ይላል፣ ሦስተኛው ሳይጠየቅ ፒንሳ ይዞ ይመጣል። የሁሉም ወሬ ስለ ብረቱ ነው። «ከመቆሙ በፊት ምን ተደረገለት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

እኔ ለሁለት ዓመት ያህል በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል የአይሱዙ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ መኪናችን አልነሳ ስላለበት አንድ ቀን ነው። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ አልነሳ ያለ የናፍጣ መኪና በምን ቅደም ተከተል እንደሚመረመር ታውቃላችሁ፤ ይህ ብቻውን ጥቅም አለው። ስለ እኔ የምታውቁት ነገርም ይኖራል፤ እሱን መጻፉ ከሁሉ የከበደኝ ነው።

መንገዱን ለማታውቁት፣ ከሚዛን እስከ ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሰሙት አጭር ይመስላል። ነገር ግን በሼኮ ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ቁልቁል ስለሚል ጭነት ለያዘ መኪና አጭር አይደለም። ግራና ቀኙ ትልልቅ ዛፍ ነው። ከዛፉ ሥር ቡናና ኮረሪማ አለ፣ ከቅርንጫፉ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ዝናቡም ይበዛል። ጥቅምት ላይ ሌላው አገር ሰማዩ ሲጠራ እዚያ ገና ያካፋል። የቡናው ለቀማ የሚጦፈውም በዚያው ሰሞን ነው።

በቡና አገር ያደጋችሁ እንደምታውቁት ቀይ እሸት ቡና ቀጠሮ አይሰጥም። ለታጠበ ቡና የሚሆነው እሸት በተለቀመበት ዕለት ጣቢያ ደርሶ መፈልፈል አለበት። ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ከቆየ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ያን ጊዜ ለታጠበ ቡና የሚቀበለው የለም። ከነልጣጩ ደርቆ ጀንፈል እንዲሆን ወደ ጎን ይለያል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ በለቀማ ወራት የጭነት መኪና መቆም ማለት የብዙ ሰው ልፋት መቆም ማለት ነው።

ሾፌሩን «ጋሼ» ነበር የምለው። ዕድሜው ከአባቴ ጋር የሚቀራረብ፣ ንግግሩ ጥቂት፣ እጁ ግን ሁልጊዜ ሥራ ላይ የሆነ ሰው ነበር። ሥራውን ያገኘሁት በቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ምስክርነት ነው። «ታማኝ ልጅ ነው፣ መዘምራን ውስጥም ያገለግላል» ብለው ነበር ያስገቡኝ። ጋሼም ስለዚህ የናፍጣ ገንዘብ እየሰጠ መኪናውን ይዤ ማደያ እንድሄድ ይተወኝ ነበር። ሌሎች ሾፌሮች ለረዳቶቻቸው ይህን አያደርጉም።

አንድ ሐሙስ ማታ ገንዘቡን ሰጥቶኝ ወደ ቤቱ ገባ። ማደያው ጋ ስደርስ የመኪናው ሰልፍ መንገዱን ሞልቷል። ሰዓቴን አየሁ። የመዘምራን ልምምድ ሊጀመር ነው፤ ያን እሑድ ደግሞ የምንዘምረው አዲስ መዝሙር ነበር። እዚያው አካባቢ በጀሪካን ናፍጣ የሚሸጡ ነበሩ። ዋጋው ይወደዳል፣ ሰልፍ ግን የለውም። በያዝሁት ብር ከማደያው ያነሰ ሊትር ገዛሁ። በካፊያ ውስጥ፣ ማጣሪያ ጨርቅ እንኳ ሳላደርግ ቀዳሁት። ጀሪካኑ ከዚያ በፊት ምን ይዞ እንደነበር አልጠየቅሁም። መኪናውን አቁሜ እየሮጥሁ ሄድሁና ልምምዱ ሳይጀመር ደረስሁ።

ጠዋት ጋሼ «ሞላኸው?» አለኝ። «አዎ ጋሼ» አልሁት። ለመዝሙር ልምምድ ብዬ መዋሸቴ ያን ጠዋት ብዙም አልከበደኝም። «ለጌታ ሥራ ነው» የሚል ማስተዛዘኛ ነበረችኝ።

ወደ ሼኮ አቅጣጫ ስንወጣ ሞተሩ ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። ጋሼ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ «ምን ሆነ ደግሞ?» አለ። ከዚያ ተስተካከለና ረሳነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ያለ መሰብሰቢያ ደርሰን፣ ዘንበል ያለ ቦታ ላይ አቁመን፣ ከጎማው ሥር ታኮ አድርገን መጫን ጀመርን። 40 ጆንያ እሸት ጭነን፣ ሸራ አልብሰን ስንጨርስ 8 ሰዓት ሆኗል። ጋሼ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ፣ ለጥቂት ሰከንድ ሠራ፣ ተንገዳገደና ጠፋ። ከዚያ በኋላ አልነሳም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁምና ሞተሩን ላስረዳችሁ።

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው። ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ይሰጣል፣ ብልጭታው ቤንዚኑን ያቃጥላል። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ ስትነፉ የፓምፑ ጫፍ እንደሚሞቅ ልብ ብላችኋል? አየር ሲታመቅ ይሞቃል። የናፍጣ ሞተር አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያህል ያምቀዋል፤ የአየሩም ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚያ የጋለ አየር ላይ ናፍጣ እንደ ጉም ሆኖ ሲረጭ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ይህን ያሰበው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የመጀመሪያ ሞተሩን ሲሞክር የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ለጥቂት ተረፈ። ደህና አድርጎ የሚሠራውን ሞተር ለሰው ያሳየው ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1897 ነው። አራቱን ዓመት ያሳለፈው ስህተቱን አንድ በአንድ እየፈለገ ነበር።

እንግዲህ የናፍጣ ሞተር ለመነሳት የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። በፍጥነት የሚያዞረው፣ ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ናፍጣና በደንብ የሚያምቅ ሲሊንደር። ምርመራውም እነዚህን በተራ መጠየቅ ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ትሄዳላችሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሞተሪኖው ይዞራል ወይ?» ነው። ቁልፉን ስታዞሩ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ወይም እያቃሰተ ከዞረ ወደ ባትሪው ሂዱ። ብዙ ጊዜ ባትሪው አልሞተም፤ የሽቦው ማሰሪያ ላልቶ ወይም ነጭ ዝገት ይዞት ነው። ፈትታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። ሲዞርም ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላይ አትያዙት። አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉና ድገሙ። በንዴት የሚዞር ቁልፍ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ሞተሪኖውንም ያቃጥላል። ያን ጊዜ በአንድ ብልሽት ፋንታ ሦስት ይኖራችኋል።

ሞተሪኖው ደህና እየዞረ ካልተነሳ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ «ጭስ አለ?»። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭስ ማውጫውን ይይ። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ሲሊንደር ደርሷል፣ ግን አልተቃጠለም ማለት ነው። ብርድ ሊሆን ይችላል፣ የእመቃ ማነስ ሊሆን ይችላል፣ የመርጫ ሰዓቱ መዛባትም ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ ከሆነ አየር አንሶታል፤ የአየር ማጣሪያውን እዩ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። ሞተሩን መፍታት አያስፈልግም፤ ናፍጣው የሚመጣበትን መንገድ ከሰርባትዮው ጀምሮ እስከ ኢኔቶሬው ድረስ ተከተሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለዚሁ የናፍጣ መንገድ ነው። ሰርባትዮው ውስጥ ናፍጣ አለ? ሞተር የሚያጠፋው የናፍጣ መዝጊያ ተዘግቶ ቀርቶ ይሆን? ጎማ ቱቦው ተሰንጥቆ አየር ስቦ ይሆን? ፊልትሮው ተደፍኗል? ፊልትሮው ሥር ውኃ ተጠራቅሟል? ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሁልጊዜ ታች ይተኛል። ይህን ሁሉ አይታችሁ ካጣችሁት ብቻ ነው ወደ ፖምፓውና ወደ ሞተሩ ሆድ የምትገቡት። እዚያ ከገባችሁ ገንዘብና ቀን ይሄዳል።

አሁን ወደ ሼኮው ዳገት እንመለስ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ያውቃል። ሁለት ባትሪዎቹ ደህና ናቸው፤ ሞተሪኖው በኃይል ይዞራል። «ሂድ ጭሱን እይ» አለኝ። ከኋላ ቆምሁ። መጀመሪያ ትንሽ ነጭ ነገር ብልጭ አለ፣ ከዚያ ምንም። «የለም ጋሼ!» ብዬ ጮኽሁ። ወረደና «እንግዲያው ናፍጣ እየደረሰው አይደለም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለ።

«ናፍጣውን ከየት ቀዳህ?»

«ከማደያ ነዋ ጋሼ።»

አመነኝ። ያን ጥያቄ ከሐሳቡ አወጣውና ወደ ሌላው ሄደ። ልብ በሉ፤ ጋሼ የተሳሳተው ሞተር ስለማያውቅ አይደለም። ሰው ስላመነ ነው። እኔ በአንድ ቃል ትክክለኛውን በር ዘግቼ ወደማይረባው ሁሉ ላክሁት።

ጋቢናውን ደፋን። ቱቦውን በእጁ እየዳሰሰ ስንጥቅ ፈለገ። ማሰሪያዎቹን አጠበቀ። «አየር ስቦ ይሆናል» ብሎ በእጅ ፓምፑ እየገፋ አየር ለማስወጣት ሞከረ። ዝናቡ በላያችን ይወርዳል፤ ከፊልትሮው ራስ የሚንጠባጠበው ናፍጣ ይሁን ውኃ የሚለይ አልነበረም። ደግሞ ቁልፍ ያዞራል፣ ደግሞ ይወርዳል። በመጨረሻ ባትሪው መድከም ጀመረ።

ቡናቸውን ያስጫኑት ገበሬዎች ከመኪናው አጠገብ ቆመው ነበር። ሂሳባቸው የሚታሰበው ጣቢያው ሲቀበል ስለሆነ ጥለው አልሄዱም። ከእነሱ መካከል አንዲት እናት የሙዝ ቅጠል ተከልለው ቁጭ ብለዋል። ያመጡት ጆንያ መጀመሪያ ስለተጫነ ከሁሉ ሥር ነበር። የተጠበሰ በቆሎ ቆርሰው ሰጡኝና «ልጄ፣ ይነሳል?» አሉኝ።

«ይነሳል እማማ» አልኋቸው። በቆሎው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

ከመኪናው ኋላ ሄጄ ጸለይሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አጥብቄ ጸለይሁ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን መኪና አስነሳው» አልሁ። ተአምር ለመንሁ። ስለ ገበሬዎቹ ለመንሁ፣ ስለ ጋሼ ለመንሁ። «እንድናገር ድፍረት ስጠኝ» ብዬ ግን አልለመንሁም። እንዲያውም መኪናው እንዲነሳ የፈለግሁት መናገር እንዳይኖርብኝ ነበር።

ጋሼ በሞተር ሳይክል ልኮኝ ከሼኮ ከተማ አንድ መካኒክ ይዤ መጣሁ። ሽማግሌ ናቸው። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ሞተሪኖ፣ ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ ካንዴላ የምንለውን ሁሉ ጣሊያኖቹ ሄደው እኛ ይዘነው ቀረን። እኚህ ሰው ቃላቱን ሲጠሩ ጥርት አድርገው ነው። ሲደርሱ 11 ሰዓት ሆኗል። መሣሪያቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ምንም ሳይነኩ ሦስት ነገር ጠየቁ።

«መጨረሻ ደህና የሠራው መቼ ነው?»

ጋሼ «ዛሬ ጠዋት። ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ አስነጠሰው እንጂ ደህና ነበር» አለ።

«ከዚያ በፊት የተነካ ነገር አለ?»

«የለም። ፊልትሮውን ባለፈው ቅዳሜ ለውጫለሁ።»

«ናፍጣውስ?»

ጋሼ መለሰላቸው፤ «ትናንት ማታ ከማደያ የተቀዳ ነው። ልጁ ነው የቀዳው።»

ሽማግሌው አዩኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ዝም አልሁ። ዝምታዬ ሁለተኛው ውሸት ነበር። የመጀመሪያውን የተናገርሁት በችኮላ ነው፤ ይህን ግን አስቤበት ነው ዝም ያልሁት።

ቁልፉን አስዞሩ፣ ጭሱን አዩ፣ ጥቂት አሰቡ። ከዚያም «ፊልትሮው አዲስ ከሆነ፣ ናፍጣውም ደህና ከሆነ፣ ችግሩ ከፖምፓው ነው። ፖምፓው ወርዶ ጅማ መላክ አለበት» አሉ። ጅማ ተልኮ፣ ተመርምሮ፣ ተመልሶ እስኪገጠም ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼ ራሱን ይዞ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ቁልፋቸውን መረጡ።

በዚያ ቅጽበት ነፋስ ከሸራው ሥር ሽታውን አመጣው። ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታ ነው፤ ቡና መቦካት ሲጀምር የሚሸተውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እጄን በጆንያዎቹ መካከል ሰደድሁ። ይሞቃል። እናትዮዋም ሸቷቸው ኖሮ ከተቀመጡበት ተነሱ፤ ግን ምንም አላሉም።

«ጋሼ» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ደግሜ «ጋሼ፣ ናፍጣው ከማደያ አይደለም» አልሁት።

ሁሉንም ተናገርሁ። ሰልፉን፣ ጀሪካኑን፣ ካፊያውን፣ ልምምዱን። ገበሬዎቹም ይሰሙ ነበር። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወደ ሽማግሌው ዞሮ «ልጁ ያለውን ሰምተዋል፤ ከዚያ ይጀምሩ» አለ። በዚያ ሰዓት እንኳ ቃሌን እንደ ቃል ተቀበለው።

ሽማግሌው የያዙትን ቁልፍ አስቀመጡ። ባዶ ሃይላንድ ፈልገው አፉን ከፊልትሮው ሥር አስጠጉና የታችኛውን መፍቻ ለቀቁት። ጠርሙሱ ሲሞላ ለጥቂት ደቂቃ አቆሙትና በስልክ መብራት አሳዩን። ከላይ ቢጫ ናፍጣ አለ። ከሥር ሦስት ጣት የሚያህል ጥርት ያለ ውኃ ተኝቷል። «ከጠዋቱ ብትነግረን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔም ሳላምን ይህን መክፈት ነበረብኝ» አሉ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ከራሳቸውም ድርሻ ማንሳታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ቀላል ነው። የሰርባትዮውን የታች ቡሎን ፈትተን ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ አፈሰስን። ጋቢና ውስጥ የነበረውን ትርፍ ፊልትሮ ገጠምን። አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ድረስ በእጅ ፓምፑ ገፋን። ወደ ኢኔቶሬዎቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ጫፍ ላላ አድርገው፣ ሞተሪኖው ሲዞር ናፍጣ መትፋት ሲጀምሩ አጠበቋቸው። የእኛ ባትሪ ደክሞ ስለነበር ከሚያልፍ ሌላ አይሱዙ መብራት ተዋስን። ነጭ ጭስ ወጣ፤ አስነጠሰ፤ ደግሞ አስነጠሰ፤ ከዚያ ተነሳ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። ገበሬዎቹ አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብሁም።

ጣቢያው ስንደርስ 34ቱን ጆንያ ተቀበሉ። ታች የነበሩትን 6 ጆንያዎች ግን ከፍተው አሸተቷቸውና ወደ ጎን አደረጓቸው። ከእነዚያ ውስጥ 4ቱ የእናትዮዋ ነበሩ። ተናግሬ መኪናውን አስነስቻለሁ፤ የዘገየሁበትን ሰዓት ግን የሚመልስልኝ አልነበረም። ይህን ለእናንተ ማለሳለስ አልፈልግም። ንስሐ ገብተን ይቅር ስንባል የቦካው ቡና ተመልሶ እሸት አይሆንም። የዋጋውን ልዩነት ከደሞዜ እየቆረጥሁ ለ4 ወር ከፈልኋቸው። የመጨረሻውን ብር ስወስድላቸው ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፤ እስከ ሦስተኛው ሲኒ አልለቀቁኝም።

ጋሼ ያን ሌሊት እስከ ሚዛን አላናገረኝም። ከሥራ እንደሚያስወጣኝ እርግጠኛ ነበርሁ። ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋና ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ፣

«ልምምድ እንዳለህ ብትነግረኝ ሰልፉን እኔ እይዝልህ ነበር» አለኝ።

ሌላ ነገር አልተናገረም። ከስድብ ሁሉ የበለጠ የገባኝ ይህ ነው። ልዋሸው የተነሳሁት ይቆጣል ብዬ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው ግን አላውቅም ነበር።

ወዳጆቼ፣ ይህን ታሪክ በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ስናገር አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ እናንተንም ልጠይቃችሁ። አሁን እየጸለያችሁበት ያለ፣ አልነሳ ያላችሁ ነገር ምንድን ነው? ትምህርት ሊሆን ይችላል፣ ከቤተሰብ ጋር ያለ ግንኙነት ሊሆን ይችላል፣ የቀዘቀዘ አገልግሎት ሊሆን ይችላል። አልነሳ ያለ ሁሉ በኃጢአት ምክንያት ነው አልልም። አንዳንዱ ባትሪ በእርግጥም አርጅቶ ነው፤ አንዳንዱ ቱቦ የማንም ጥፋት ሳይኖርበት ይሰነጠቃል። የደከመን ሰው «ምን በድለህ ነው?» ብላችሁ አትፍቱት። ነገር ግን ስለ ራሳችሁ፣ እናንተ ብቻ የምታውቁት፣ ሌሎች ደግሞ ባለማወቃቸው በከንቱ የሚደክሙበት ነገር ካለ፣ ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት ተናገሩ። የወላጅ ድካም፣ የመሪ ጸሎት፣ የጓደኛ ምክር ሁሉ ትክክለኛውን ነገር ካልነገራችኋቸው ወደተሳሳተ ቦታ ይሄዳል።

መሪዎች ሆናችሁ ይህን የምታነቡም፣ ከሽማግሌው ተማሩ። ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ። ልጁም እውነቱን ሲናገር እንደ ጋሼ «ከዚያ ይጀምሩ» በሉ። እኔ ያን ማታ የተረፍሁት በዚያ ቃል ነው።

ዛሬ የራሴን መኪና ባልይዝም መንጃ ፈቃድ አውጥቼ እየነዳሁ ነው። ከመቀመጫዬ ኋላ ባዶ ሃይላንድ አይጠፋም። ናፍጣ ሳስቀዳ ከማደያም ቢሆን ጥቂት እቀዳበትና አቆመዋለሁ፤ ከሥሩ የሚተኛ ነገር ካለ አያለሁ። አሁን አብሮኝ የሚሠራው ረዳት የመዘምራን አባል ነው። ሐሙስ ማታ ሲሆን ቁልፉን ከእጁ እቀበለውና ሰልፉን እኔ እይዛለሁ።

ጌታ ይርዳን።